በየሁለት ሰዓቱ

ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከገነተ ማርያም በላይ፣ ጤና ጣቢያ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ሲስተር ባንቺዓለም፣

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ደብዳቤዎን መሐመድኑር በእጄ ሰጥቶኛል። ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ከደሴ ወደዚህ ወሬ የሚያደርስልን የእሱ አይሱዙ ብቻ ነው፤ መንገዱ ሲከፈትለት ማለቴ ነው። መልስ ሳልጽፍ ይህን ያህል በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። ምክንያት ነበረኝ፤ ዛሬ ግን አልጽፈውም።

«ያስተማርኩሽ ነገር ከፈተና ወረቀት ወጥቶ ያውቃል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። አሁን ነው የወጣው። እዚህ የቀረነው ሦስት ሰዎች ነን፤ ኃላፊው አቶ በእውቀቱ፣ ጥበቃው ጋሽ ኪዳንና እኔ። ሌሎቹ ተኩሱ ሲበረታ ወደየቤተሰቦቻቸው ሄደዋል። አምቡላንሱም የለም። መድኃኒቱ ከመደርደሪያው ወደ አንድ ካርቶን ወርዷል። እቃ ሲያልቅብኝ ደብተሬን አወጣሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እርስዎ በሰሌዳ የጻፉት አለ፦ ጤነኛ ሰው ራሱን ይንከባከባል፤ ይበላል፣ ይታጠባል፣ ጎኑ ሲደክመው ይገላበጣል። ሲታመም በሚያስፈልገውና በሚችለው መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ነርስ የምትሞላው ያንን ክፍተት ነው፤ ሳታጎድልም፣ ሳታበዛም።

ከስምንት ቀን በፊት አንድ ታጣቂ ጓደኞቹ በበር ሳንቃ ላይ አስተኝተው አምጥተው ትተውልን ሄዱ። ጥይቱ ጀርባው ውስጥ ቀርቷል። ከእምብርቱ በታች ምንም አይሰማውም። ወደ ላሊበላ እንዳንልከው መንገዱ ዝግ ነው። እቅዱን እንዳስተማሩን አድርጌ አወጣሁለት። የሚችለው፦ መናገር፣ መዋጥ፣ ሁለቱን እጆቹን ማንቀሳቀስ። የማይችለው፦ መነሳት፣ ሽንቱን መቆጣጠር፣ መገላበጥ። ነርስ የምታደርግለት፦ የሽንት ቱቦውን መጠበቅ፣ ገላውን ማጠብ፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ።

መደገፊያ ትራስ የለንም። በምን ልተካው?

ተማሪዎ ዓይናዲስ


ኅዳር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.
ደሴ

ልጄ ዓይናዲስ፣

የጉልበቴን ነገር ተይው፤ እሱና እኔ ተላምደናል። ደብዳቤሽ ደርሶኝ የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የክብካቤ እቅድ የሚያስነብበኝ ሰው አልነበረም።

ለትራስሽ፦ ንጹሕ የማዳበሪያ ከረጢት ፈልጊ፤ የገብስ ጭድ ሙዪበትና በአንሶላ ጠቅልይው። አንዱን ከጀርባው፣ አንዱን በጉልበቶቹ መሐል፣ አንዱን ከባቱ ሥር አድርጊ፤ ተረከዙ አልጋውን እንዳይነካ። ጭዱን በየሦስት ቀኑ ለውጪ። ስታገላብጪው እንዳትጎትቺው፤ የተጎተተ ቆዳ ከውስጥ ይበጠሳል፣ ከላይ አይታይሽም። ጋሽ ኪዳን በትከሻው በኩል፣ አንቺ በዳሌው በኩል ሆናችሁ አንድ ላይ። የሽንት መያዣ ከረጢቱ ከአልጋው በታች ይንጠልጠል። ይህን ሁሉ ታውቂዋለሽ፤ የጻፍኩልሽ ለብቻሽ እንዳልሆንሽ እንዲሰማሽ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን አየሁ። የሚችለውን ጽፈሻል፣ የማይችለውን ጽፈሻል፣ ጥይቱ የገባበትን ቦታ ጽፈሻል። ስም የለውም። ተማሪ ሆነሽ እንኳ የታካሚ ስም ሳትጽፊ ቀርተሽ አታውቂም። የማያውቁትን ሰው መንከባከብ ይቻላል፤ ስሙን ያልጠየቁትን ሰው ግን ይከብዳል።

ባለፈው ለወንድምሽ ለሙሉሃብት ሰላም በይልኝ ብዬሽ ነበር። ስለ እሱ አንድ ቃል አልመለስሽልኝም። እኅቱን ሊወስድ መጥቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚቆመውን ልጅ አልረሳሁትም፤ ግባ ሲሉት አይገባም ነበር። አሁንም አምቡላንሱን የሚነዳው እሱ ነው? «አምቡላንሱም የለም» ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?

ባንቺዓለም


ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጤና ጣቢያ

ለማከብርዎት ሲስተር፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፣ አይሥጉ።

ያለፈው ቅዳሜ፣ ኅዳር 22፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ገበያችን መሐል ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ማን እንደተኮሰው ሁሉም የየራሱን ይናገራል። የወደቀው እህል ተራ ላይ ነው። እኔ ድምፁን የሰማሁት መድኃኒት ስቆጥር ነው፤ መስኮቱ ተነቅሎ አጠገቤ ወደቀ። ከዚያ በአልጋ፣ በአህያ፣ በጀርባ ያመጧቸው ጀመር። አንዲት ሴት የገዛ እጇን በነጠላ ጠቅልላ፣ በሌላው እጇ ታቅፋ በእግሯ መጣች። «መልሺልኝ» አለችኝ። አንድ ሽማግሌ አንጀታቸው ከቡሉኮው ጋር ተጣብቆ ነበር። ወለሉ ስለሚያዳልጥ ጋሽ ኪዳን ከጓሮ አፈር በአካፋ እያመጣ ይበትንበት ነበር።

ሃያ ሦስት ሰው፣ ሁለት ባለሙያ። ለማን ልድረስ? የዚያን ጊዜ ድምፅዎ መጣልኝ። «ሕመምተኛው ምን ይችላል? መጀመሪያ ይህን ጠይቂ።» እየዞርኩ ጠየቅኳቸው። እጁ የሚሠራውን ሁሉ የራሱን ቁስል በራሱ እንዲጫን አደረግኩት። የራሱን የማይችለውን፣ አጠገቡ የተኛው እንዲጫንለት አደረግኩ። እግሯ የተመታ ልጃገረድ ተኝታ ሳለ የእናቷን ጭን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትለቅ ቆየች። በቀበቶ አሰርን፤ በጨው ውኃ አጠብን። እስከ ማታ ሁለት ሰዓት አልተቀመጥኩም፤ ውኃም አልቀመስኩም። ስድስቱ ሞቱ። ልጃገረዷም እናቷም ተርፈዋል። ያ በሰሌዳ ላይ ያስጻፉን ነገር ደም ያስቆማል፤ ይህን ልነግርዎት ፈልጌ ነው።

የጀርባው ቁስለኛ ስሙ አረጋ ይባላል። የኮን ሰው ነው፤ ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ። ከወገቡ በታች፣ የመቀመጫው መጋጠሚያ ላይ ቁስል ወጥቶበታል። ስፋቱ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ነው፤ መሐሉ ጠቁሯል፣ ይሸታል። በሰዓቱ እየተገላበጠ ነው ይህ የሆነው። የማገላበጫ ሰንጠረዡን ዋናውን ልኬልዎታለሁ። ምን ልጨምርበት?

ዓይናዲስ


ታኅሣሥ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.
ደሴ

ዓይናዲስ፣

የገበያውን ቀን ያነበብኩት ለብቻዬ አይደለም። የድሮ ባልደረቦቼን ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከእነሱ አንዷ «ይቺን ልጅ ማን ነው ያስተማራት?» ብላ ስትጠይቅ እኔ ነኝ ማለት ያቃተኝ ስላለቀስኩ ነው። በዚህ ኮርቼብሻለሁ።

ሰንጠረዡን ግን ለማንም አላሳየሁም።

ቅዳሜ ኅዳር 22 ከአራት ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት አልተቀመጥኩም ብለሻል። ሰንጠረዡ በዚያው ቀን በአራት፣ በስድስት፣ በስምንትና በአሥር ሰዓት አረጋን አገላብጫለሁ ይላል። ሃያ ቀን ሙሉ አንድ ሰዓት እንኳ አልተዛነፈም። ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ አቀማመጥ የተጻፈ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ ሰንጠረዥ ያረምኩ ሰው ነኝ። እውነተኛ ሰንጠረዥ ላይ የዘገየ ሰዓት ይኖራል፣ የተሰረዘ ይኖራል፣ የውኃ ጠብታ ይኖራል።

የገበያውን ቀን ማንም ይቅር ይልሻል። ይህ ቁስል ግን የአንድ ቀን አይደለም። ዘጠኝ ሴንቲሜትር ሰፍቶ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ሰውዬው በጀርባው ቀንና ሌሊት እንደተተወ ይናገራል። ስንፍና ነው እንዳልል፣ አንቺ ሰነፍ አይደለሽም። ድካም ነው እንዳልል፣ ስለ ሌሎቹ የጻፍሽው ሁሉ ልክ ነው።

እንግዲህ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ይህ ሰው ለአንቺ ማነው?

ስለ ሙሉሃብትም ደግመሽ ዝም አልሽኝ። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ እንዳይኖራቸው እፈራለሁ።

ባንቺዓለም


ታኅሣሥ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጤና ጣቢያ

ሲስተር፣

አንድ መልስ ነው ያላቸው። አረጋ ወንድሜን የገደለ ሰው ነው።

መስከረም 19 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ሸጌ የምትባል ወላድ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ልጁ አልዞር ብሎ ወደ ላሊበላ ይዘናት ወጣን፤ ሙሉሃብት ይነዳል፣ እኔ ከኋላ እሷን ይዣለሁ። ቁልቁለቱን ጨርሰን መታጠፊያው ላይ ስንደርስ አምስት ታጣቂዎች መንገዱን ዘጉት። መኪናውን ፈለጉት። ሙሉሃብት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በትሕትና ነገራቸው። ወላድ ይዣለሁ፤ እሷን አድርሼ እኔው ራሴ መኪናውን መልሼ አመጣላችኋለሁ፤ በእናቴ አጥንት ይሁንብኝ አላቸው። ከአምስቱ ረጅሙ ሰው «ውረድ» አለው። ሙሉሃብት «ወንድሜ፣ አንድ ሰዓት ብቻ» አለው። ከዚያ በላይ አልተናገረም። በመስኮቱ ተኮሰበት። ግንባሩ መሪው ላይ ወደቀና ጡሩምባው አልቆም አለ። ረጅሙ ሰው በፀጉሩ ይዞ ቀና እስኪያደርገው ድረስ ይጮህ ነበር። ከዚያ አውጥተው መንገድ ላይ አስተኙት፤ እኛን አወረዱንና ሄዱ።

ሸጌ እዚያው የመንገዱ ዳር ላይ ወለደች። በአንድ ጎኔ ወንድሜ፣ በአንድ ጎኔ እሷ። የሙሉሃብትን ደም ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ልጁን አወጣሁት። ተርፏል። ለእርስዎ ይህን ልጻፍልዎት ብዬ ስቀመጥ እጄ ስሙን መጻፍ እምቢ ይለኝ ነበር፤ ለዚህ ነው ሦስት ወር ገደማ ዝም ያልኩት።

ከወር በኋላ በሳንቃ ላይ ሲያመጡት ፊቱን አየሁ። ረጅሙ ሰው ነው።

አልመታሁትም። ምግብ አልነፈግኩትም፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ሰጥቼዋለሁ። ያደረግኩት አንድ ነገር ነው፤ አላገላበጥኩትም። የቱ ጋ እንደሚቆስል አውቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ቆዳው ቀላ፤ በጣቴ ስጫነው አልነጣም። ይህ ሲሆን ገና ይመለሳል ብለው አስተምረውናል። አይቼ አንሶላውን መልሼ ሸፈንኩት። ጋሽ ኪዳን ላግዝሽ ሲል ቅድም አገላብጬዋለሁ እለው ነበር። በስድስተኛው ቀን ተላጠ። በአሥረኛው ሥጋው ታየ። በየቀኑ እገልጠዋለሁ፣ አያለሁ፣ እሸፍናለሁ። ሰንጠረዡን ማታ ማታ ተቀምጬ እሞላለሁ።

ያናደደኝ የማይሰማው መሆኑ ነው፤ ሥጋው እየበሰበሰ ፊቱ ሰላም ነበር። ሽታው ግን ይደርሰዋል። አንድ ቀን «ምንድን ነው የሚሸተው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የገበያው ቁስለኞች ናቸው» አልኩት።

እንደሚረግሙኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ይጻፉልኝ።

ዓይናዲስ


ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.
ደሴ

ልጄ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ከሦስት ወር በኋላ ስለጻፍኩልሽ አዝናለሁ፤ ለቅሶ መድረስ ሲገባኝ ትራስ ስሠራልሽ ከረምኩ። ሙሉሃብትን ሁለት ቀን አለቀስኩት። ከጎረቤት አንዲት ሴት ምንሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ የልጄ ወንድም ነው አልኳት።

አሁን ስለ ሌላው።

እኔም በአንድ ወቅት እንዲህ አድርጌ ነበር ብዬ ላጽናናሽ አልችልም፤ አላደረግኩም። የወንድሜን ገዳይ አልጋ ላይ አግኝቼም አላውቅም፤ ስለዚህ ልመጻደቅብሽም አልችልም። የምችለው የሠራሽውን በስሙ መጥራት ነው። አንቺ ሰውዬውን እያቆሰልሽው ነው። እሱ የተኮሰው በአንድ ቅጽበት ነው፤ አንቺ ሃምሳ ቀን ወስደሻል፤ ያውም እኔ በሰጠሁሽ እውቀት።

ያንን በሰሌዳ ያስጻፍኳችሁን ንድፈ ሐሳብ ስንት ጊዜ አንብበሽዋል? የትኛውም ገጽ ላይ «የሚገባው» የሚል ቃል አታገኚም። «የሚያስፈልገው» ነው የሚለው። መገላበጥ የማይችል ሰው መገላበጥ ያስፈልገዋል። ዓረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ፍርድ ያለበት ቦታ ሌላ ነው። አንድ ቀን ዳኛ ሲገኝ ቆመሽ ትመሰክሪበታለሽ፤ እኔም ከጎንሽ እቆማለሁ። ሰው ሆኖ እንዲቀርብ ግን በሕይወት መኖር አለበት።

የሞተውን ሥጋ ውኃ ውስጥ በፈላ መቀስ ደም እስክታዪ ድረስ ቁረጪው፤ አይሰማውም። በጨው ውኃ እጠቢው፤ ንጹሕ ማር በፋሻ አድርጊበት። ለአቶ በእውቀቱ ንገሪው። ለእሱ ለራሱም ንገሪው፤ የገዛ ሰውነቱን ነገር የማወቅ መብት አለው። እናት ካለችው አስጠሪያት። እጆቹ ይሠራሉ ብለሽ ጽፈሻል፤ ታዲያ የእጆቹን ሥራ ማን ወሰደበት? ራሱን እንዲያገላብጥ አስተምሪው፤ ያኔ ሕይወቱ በአንቺ ልብ ላይ አይንጠለጠልም።

ይህ ወረቀት እስኪደርስሽ ዘጠኝ ቀን ይፈጅበታል። መቶ ስምንት ጊዜ መገላበጥ ማለት ነው። እኔን ሳትጠብቂ ጀምረሽ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ባንቺዓለም


ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጤና ጣቢያ

ለማከብርዎት ሲስተር፣

ሳልጠብቅዎት ጀምሬ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ውሸት ይሆናል። ደብዳቤዎ እስኪደርስ ድረስ አልነካሁትም። ካነበብኩት በኋላ ጋሽ ኪዳንን ጠርቼ አገላበጥነው። ጋሽ ኪዳን ቁስሉን ካየበት ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ለአቶ በእውቀቱም ነገርኩት። ከሥራ ሊያግደኝ ይገባው ነበር፤ ግን በእኔ ቦታ የሚቆም ሌላ ሰው የለውም። ቀን ቀን አጠገቤ ሆኖ ያያል፤ ሰንጠረዡ ላይ እሱም ይፈርማል።

«ለእሱ ለራሱም ንገሪው» ብለዋል። ነገርኩት። መቀሱን ቀቅዬ፣ በጎኑ አስተኝቼው፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነበር። ጀርባህ ላይ ትልቅ ቁስል አለ፤ እኔ ነኝ ያደረግኩት አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «አጠገቤ ያለውን ሽማግሌ ስታገላብጪ እሰማሻለሁ። ወደ እኔ ስትመጪ ትቆሚና ትመለሻለሽ።»

ለምን አልተናገርክም ብዬ ጠየቅኩት። የመታጠፊያው ሴትዮ መሆኔን የመጣ ቀን አውቆ ኖሯል። ምን ብሎ ይለምነኛል?

«ወንድሜ መሆኑን ብታውቅስ?» አልኩት።

«ባውቅም እተኩስ ነበር። ከመንገዱ ወዲያ ቆስለው የሚደሙ አራት ጓደኞች ነበሩብኝ፤ ሰዓት ለምኖ መኪናውን ይዞ የሚጠፋ ነበር የመሰለኝ። አሁን ስዋሽሽ ምን ይረባሻል?»

መቀሱ እጄ ላይ ነበር። ትሪው ላይ አስቀመጥኩትና ወጥቼ ሄድኩ። ከግቢው በስተጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጥርሴን ነክሼ ጮህኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰዓቱ ስለደረሰ ተመለስኩ። የሞተውን ሥጋ ቆረጥኩለት። ይቅር አላልኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

በነጋዴዎች በኩል ወደ ኮን መልእክት ላክን። እናቱ እማማ አስቻለች ሁለት ቀን በእግር መጡ። እንደመጡ ልክ እንደ ጨቅላ ሊያጎርሱት፣ ፊቱን ሊያጥቡት፣ ሁሉን ሊያደርጉለት ፈለጉ። እጁ ይሠራል፣ ራሱ ይጉረስ ብላቸው አኮረፉኝ፤ ጭካኔ መሰላቸው። ከአልጋው በላይ ካለው ወራጅ ላይ የሞፈር ጠፍር አሰርኩለት። መጀመሪያ ቀን ሲጎትተው ላቡ ወርዶ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ግማሽ ጎኑን አነሣና ተመልሶ ወደቀ። በስድስተኛው ቀን ከግራ ወደ ቀኝ ብቻውን ዞረ። እማማ አስቻለች እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው አጠገቡ የተኛውን የሽማግሌውን ሕመም አስታውሰው ዋጡት። አሁን ሰዓቱን ቀድሞኝ እሱ ይናገራል፤ እሳቸው ትራሱን ያስተካክላሉ፤ እኔ ቆዳውን ብቻ አያለሁ።

ቁስሉ ሰባት ሴንቲሜትር ሆኗል። ዳር ዳሩ ቀይ ነው፤ ሕያው ቀይ።

አንድ ያልፈጸምኩት አለ። እናቱ ይህ ቁስል ከምን መጣ ብለው ሲጠይቁት «አልጋው ነው» አላቸው። እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። ስለ ሙሉሃብትም አያውቁም። ሲያዩኝ እጄን ይስማሉ።

ዓይናዲስ


መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጤና ጣቢያ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ሲስተር፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ መሐመድኑር የነገረዎት እውነት ነው። አረጋ ሞቷል። እጄም እውነት ነው፤ ግራዬ ነው፣ የአንጓው አጥንት ተሰብሯል፣ አቶ በእውቀቱ በሁለት ቁራጭ እንጨት አስሮልኛል። ይህን በቀኜ ነው የምጽፈው። ደሴ ነይ ላሉኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን ግን አልመጣም፤ አልጋዎቹ ባዶ አይደሉም።

ረቡዕ የካቲት 20 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስምንት ታጣቂዎች ገቡ። አረጋ ከነበረበት ወገን አይደሉም፤ የሚፈልጉት ያንን ወገን ነው። እማማ አስቻለች ልብስ ሊያጥቡ ወደ ምንጭ ወርደው ነበር። እኔ ቁስሉን እየለካሁ ነበር፤ አምስት ሴንቲሜትር ተኩል። መሪያቸው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሲናገር ረጋ ይላል። ይሄ ማነው አለኝ። በሽተኛ ነው አልኩት። ይነሣ አለ። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም፣ አይነሣም አልኩት።

«አንሺው።»

«አላነሣውም» አልኩ። «አልጋው ላይ ያለ ሰው የእኔ ነው።»

ከእሱ ኋላ የነበረው በሰደፍ መታኝ። አልጋውን በግራ እጄ ይዤ ስለነበር እጄ ላይ አረፈ፤ ሲሰበር ሰማሁት። አቶ በእውቀቱ መሐላችን ሊገባ ሲል አንበረከኩት። አረጋን በብብቱ ይዘው ሲጎትቱት ጠፍሩን ጨበጠ፤ ከወር በላይ ሲጎትት የጠነከረ እጅ ነው፣ አልለቀቀም። ጣቶቹን በሰደፍ ቀጠቀጧቸው። ሲለቅ ወደ እኔ ዞሮ «ሲስተር፣ ተያቸው» አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነው። የሽንት ቱቦው መሬት ላይ እየተጎተተ፣ እግሮቹ የደጁን ድንጋይ እየመቱ አወጡት። የውኃ ታንከሩ አጠገብ ሦስት ጊዜ ተኮሱበት። ሽማግሌውን አልነኩም። የቀረንን መድኃኒት ከነካርቶኑ ይዘው ሄዱ።

መዝገቡን ጽፌአለሁ። የሞት ምክንያት ጥይት ነው። ከሥሩ ደግሞ ታካሚው በዚህ ጤና ጣቢያ የአልጋ ቁስል እንደወጣበት፣ ነርሷ አውቃ ሳታገላብጠው እንደቀረች፣ ሰንጠረዡም ሐሰት እንደነበር ጽፌ ፈርሜአለሁ። አቶ በእውቀቱ ይህን ማን ይጠይቅሻል አለኝ። እኔ ነኝ የምጠየቀው አልኩት። መንገድ ሲከፈት መዝገቡ ወደ በላይ ኃላፊዎች ይሄዳል። የሥራ ፈቃዴን ይቀሙኝ ይሆናል።

«እናቱስ?» ብለዋል። የዚህን መልስ ለማንም አልተናገርኩትም።

ተኩሱን ከምንጭ ሰምተው ሮጠው ወጡ፤ እርጥቡ ልብስ ትከሻቸው ላይ ነበር። እላዩ ላይ ወድቀው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲነሡ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። ሬሳውን ወደ ውስጥ አስገባነውና ውኃ አመጣሁ። እኔ ላግዝዎት አልኳቸው። ፊቱን፣ ደረቱን፣ የተቀጠቀጡትን ጣቶቹን አጠቡ። ወደ ጀርባው ሲደርሱ ፋሻው ተላቀቀና ቁስሉን በሙሉ ብርሃን አዩት። እስከዚያ ቀን ጠጋ ብለው አይተውት አያውቁም፤ እኔ ነበርኩ የምሸፍነው።

«አልጋው ይህን ያደርጋል?» አሉኝ።

አልጋው አይደለም አልኳቸው። ቆሜ ነገርኳቸው። በመጀመሪያ ያደረግኩትን፣ ቀጥሎ ለምን እንዳደረግኩት። መታጠፊያውን፣ ሙሉሃብትን፣ ሸጌን፣ ጡሩምባውን። ያልተናገርኩት የለም። እርጥቡ ጨርቅ እጃቸው ላይ ሆኖ ውኃው እግራቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ልጄ ነው ወንድምሽን?»

«አዎ እማማ።»

«በሕይወት ሳለ እጅሽን ስስም ዝም አልሽኝ።»

«አዎ።»

በጥፊ መቱኝ። በሙሉ ክንዳቸው ነው የመቱኝ፤ ጆሮዬ ጮኸ፣ አፌ ደም ደም አለኝ። ሁለተኛውን ጠበቅኩ። አልደገሙም። ጎንበስ ብለው ቁስሉን ተመለከቱት። በአመልካች ጣታቸው፣ ሳይነኩት፣ የቀዩን ዳር ዙሪያውን ተከተሉት፤ ዳሩ ላይ የበቀለውን አዲስ ቆዳ ሲያዩ ይመስለኛል።

«እየዳነ ነበር» አሉ።

«እየዳነ ነበር።»

ጨርቁን ውኃ ውስጥ ነከሩት፤ ጨመቁት።

«ነይ በዳሌው በኩል ያዢ» አሉኝ። «ይሄኛው ጎኑ አልታጠበም።»

በአንድ እጄ ያዝኩ። እሳቸው ትከሻውን ያዙ። አንድ ላይ፣ ሳንጎትተው፣ አገላበጥነው።

ዓይናዲስ